ሳትሳለም ዳገት የማትወጣው መኪናችን

አሮጌ መኪና እየነዳ ፈጣሪ የለም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተ አይታችሁ ከሆነ፣ ወይ መኪናው አዲስ ነው ወይ ሰውየው ገና ዳገት አልጀመረም።

ይህን ወሬ ያስጀመሩኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። "እቴቴ፣ የበቅሎዋንና የሽማግሌዎቹን ነገር አውሪን እንጂ" ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ ትልቋ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። መሀል ላይ የጎረቤት ወሬ ሲያምረኝ "እቴቴ፣ ወደ መኪናዋ ተመለሺ" ትለኛለች። እመለሳለሁ፤ ግን በራሴ መንገድ ነው የምመለሰው።

በቅሎዋ ማለት መኪናችን ናት። ፎር ዊል የሚሏት፣ አራቱም ጎማ የሚጎትትላት ዓይነት። ባለቤቴ ተፈራ ከአንድ እርሻ በጨረታ ያመጣት ነጭ ናት ተብሎ ነው፤ እኔ አጥቤ አጥቤ ነጭነቷን ያገኘሁት ጣራዋ ላይ ብቻ ነው። የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም። ስለዚህ ተፈራ መውረድ ሲፈልግ መስታወቱን ዝቅ ያደርግና እጁን ወደ ውጭ ሰዶ የገዛ መኪናውን በር እንደ ሌባ ይከፍታል። ወደ ግራ ስትታጠፍ ደግሞ ጡሩምባዋ በራሱ ይጮኻል። ሰፈራችን ሲግናል አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ የለመዳት ነው፤ "የጋሽ ተፈራ መኪና ወደ ግራ ታጠፈች" ይላል ቤቱ ቁጭ ብሎ።

ሞተሯ ከአንዷ፣ ካምቢዮዋ ከሌላዋ፣ የኋላ ወንበሯ ከአውቶቡስ የመጣ ነው። "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች" ይባላል። የኛዋን ቢጠይቋት የምትጠራው አጎት እንኳ የላትም።

ወሰን ሰፈር ያሉ ጋራዦች ሁሉ ያውቋታል። አልነሳም ባለች ቁጥር አንዱ መካኒክ "ካንዴላ ነው" ይላል። ሌላው "ዲናሞ ነው" ይላል። ሦስተኛው ኮፈኑን ከፍቶ፣ መልሶ ዘግቶ፣ "ዕድሜ ነው" ይላል። እኔ የማምነው ሦስተኛውን ነው። ጉልበቴን የታየሁበት ሐኪምም ያለኝ ይህንኑ ነው… እሺ፣ ወደ መኪናዋ።

ከእንጦጦ ዳገት ግርጌ፣ በኛ በኩል፣ የሚካኤል ደጅ አለ። እኔ ያን ደጅ ሳልሳለም አላልፍም። ታክሲ ውስጥ ከሆንኩ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ፤ በራሳችን መኪና ከሆነ ግን አስቁሜ፣ ወርጄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ነው። ተፈራ በዚህ በኩል ሰነፍ ነበር። "ሃይማኖት በልብ ነው" ይላል። ልቡ ሰፊ ነው መሰለኝ፣ ጾሙንም ቅዳሴውንም እዚያው ነው የሚያስቀምጠው።

በቅሎዋ ከመጣች ወዲህ ግን ጉድ አየሁ። ደጁ ጋ ስንደርስ እኔ ስወርድ እሱም ይወርዳል። እኔ ስሳለም በቀኝ የፊት ጎማ ሥር ተንበርክኮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ዞሮ በግራ በኩል እንዲሁ ያደርጋል። ስንሳፈር ያቺ በቅሎ ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች። ምንም አላልኩትም፤ አፍሮ እንዳይተወው ብዬ። ለማኅበርተኞቼ ግን "ተፈራን ሚካኤል መለሰልኝ" ብዬ ነግሬያለሁ። አንዷ እንዲያውም አልቅሳለች።

አሁን ሽማግሌዎቹ ይምጡ።

ትልቁ ልጄ ሳሙኤል ሂሩት የምትባል ልጅ ወደደ። ቤታቸው እንጦጦ ላይ፣ ዛፉ መሀል ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ያለችው ዶሮ ሳትቀር በሰዓቷ ነው የምትጮኸው። መጀመሪያ የላክናቸው ሽማግሌዎች በኪራይ መኪና ሄደው ዘገዩ። ሻለቃ በሩን ገርበብ አድርገው "ሰዓት የማያከብር ቤት ልጄን አያከብርም" ብለው መለሷቸው። በስንት ምልጃ ሌላ እሑድ ቆረጡ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት። ካለፈ ግን እንዳትደክሙ" አሉ። ልጄ በጭንቀት እህል አልወርድ ብሎት ከሳ፤ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼው አንጀቴን በላኝ።

"ኪራይ ይቅር፤ በቅሎዋ ታውቀዋለች" አለ ተፈራ። ግን በኛ ቤት ደንብ ሽማግሌ የላከ አባት ቤቱ ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ነጂው ታናሹ ልጄ ዳዊት ሆነ። ተፈራ ሁሉን አስረዳው፤ ትንሿን ማርሽ እንዲህ አድርግ፣ ፍሬኗን ደጋግመህ ርገጥ፣ ጎማውንም እንዳትረሳ። ዳዊት ጆሮው ላይ ያቺን የሙዚቃ ውታፍ እንደሰካ "ኦኬ፣ ኦኬ ጋሼ" አለ።

እኔስ ምን ልሠራ ሄድኩ? ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ አውቃለሁ። እኔ የሄድኩት የበቅሎዋን ጠባይ ስለማውቅ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ልጠብቅ ተስማማን።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ በቀለ፣ ግዙፍ ሰው፣ ለዚያች ቀን የታጠበ ነጭ ጋቢ የለበሱ። ጎረቤታችን ሐጂ ከማል፣ መሪ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ እሳቸው የሌሉበት ሽምግልና ሰፈራችን ውስጥ አያምርም። እና የንስሐ አባታችን፣ አባ፣ ከጃንጥላቸው ጋር።

ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ሚካኤል ደጅ ስንደርስ "ቁም" አልኩት ዳዊትን።

"እማዬ፣ ረፍዷል። እዚያው ሆነሽ ተሳለሚ።"

"ዳዊት፣ ቁም ብዬሃለሁ።"

አልቆመም። ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ቀዩ ጭቃ ጋ ስንደርስ በቅሎዋ ቆመች። ዳዊት ትንሿን ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሰጣት። የኋላ ጎማዎቿ እንደ እብድ ይሽከረከራሉ፤ የፊቶቹ እንደ ሠርግ እንግዳ ቁጭ ብለው ያያሉ።

"ሳንሳለም አልፈን ነው" አልኩ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር እንዲህ ቂመኛ አይደለም" አሉ አባ።

"እሱ አይደለም አባ፣ መኪናዋ ናት።"

ወረድን። ከታች የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ይታያል፤ ወደዚያ ዞረን ተሳለምን። ሐጂ ከማል ፈንጠር ብለው በራሳቸው በኩል እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሁሉም በያለበት ከለመነ በኋላ ዳዊት ነዳጅ ሰጣት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ገፉ። ምንም። የጋሽ በቀለ ነጭ ጋቢ ብቻ ነብር መሰለ።

ጋሽ በቀለ ሰዓታቸውን አዩ። "ለሦስት ሩብ ጉዳይ" አሉ። በእግር ቢሞክሩት በዚያ ጭቃ አይደርሱም። ዳዊት የወንድሙን ስም ጠርቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ተፈራ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አይደለም የሚሰግደው። ወደ ጎማው ነው!

"ጋሽ በቀለ፣ እዚህ ቀኙ ጎማ ሥር ይንበርከኩ" አልኩ።

"ለምን ሲባል?"

"ተፈራ እንዲያ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ቀኝ፣ ከዚያ ግራ።"

አባ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው "ለብረት አይሰገድም" አሉ።

ሐጂ ከማልም ራሳቸውን ነቅንቀው "ዛሬስ ከአባ ጋር ተስማማን" አሉ።

ጋሽ በቀለ ግን ሰዓታቸውን ደግመው አዩና "ለሳሙኤል ስል" ብለው ጭቃው ውስጥ ዷ ብለው ተንበረከኩ። ቀና ብለው "ምን ልበል?" አሉኝ።

"እሱን አላውቅም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። ቆይ ልደውልለት።"

ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው፤ ስልኩን አቅፎ ነው የተቀመጠው።

"ተፈራ፣ ጎማው ሥር ስትንበረከክ የምትለው ጸሎት የትኛው ነው?"

"የምን ጸሎት?" አለ።

"ሚካኤል ደጅ የምታደርሰው ነዋ። ቶሎ በል፣ ጋሽ በቀለ ተንበርክከው እየጠበቁ ነው።"

ስልኩ ውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነስቶ ነው።

"አንቺ ሴትዮ" አለኝ፣ "ጎማው መሀል ላይ ክብ ቁልፍ አለች። እሷን ነው የማዞረው። እሷ ካልዞረች የፊቱ ጎማ አይጎትትም።"

"ታዲያ ለዳዊት ለምን አልነገርከውም?"

"ጎማውን እንዳትረሳ ብዬዋለሁ እኮ።"

"ነፍቶታል።"

ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ፤ ግን አላስችል አለኝ። "ከንፈርህስ? ከንፈርህን የምታንቀሳቅሰው?"

"ቁልፏ ዝጋለች። ስሳደብ ነው።"

ተመልከቱ እንግዲህ። ያን ሁሉ ጊዜ በሚካኤል ደጅ ሲሳደብ እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ "አሜን" ስል ኖሬያለሁ።

ቁልፎቹ በእውነትም ዝገዋል። ሦስቱም ሽማግሌዎች ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩ። አባ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሳቡ፤ ሐጂ ከማል በመዳፋቸው ገፉ፤ ጋሽ በቀለ ተሳደቡ። ቀኟ "ቀጭ" አለች። ግራዋ ላይ ደግሞ ግንባራቸውን ጎማው ላይ አስደግፈው ታገሉ። እሷም "ቀጭ" አለች። ዳዊት ነዳጅ ሲሰጣት የፊቶቹ ጎማዎች ከእንግድነት ተነስተው ሥራ ጀመሩ።

የሻለቃ ቤት በስተግራ ነው። ስንታጠፍ ጡሩምባዋ በራሱ አምባረቀ። ሻለቃ በሩን ከፍተው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነው። ሦስት ሰዓት። ቀና ሲሉ ሽማግሌዎቹን አዩ። ጉልበታቸው ጭቃ፣ መዳፋቸው ጭቃ፣ ግንባራቸው ላይ ሳይቀር ጭቃ። እኔ በመኪናው መስኮት ሆኜ "አለቀልን፣ ንቀን የመጣን መሰላቸው" አልኩ።

ሻለቃ የሽማግሌዎቹን ጉልበት አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው "ከየት ጀምራችሁ ነው የተንበረከካችሁት?" አሉ።

አባ ወደ ሰማይ አዩ። ሐጂ ከማል ወደ መሬት አዩ። ጋሽ በቀለ ግን ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ "ከዳገቱ ወገብ ጀምሮ" አሉ።

የሻለቃ ፊት ተለወጠ። "ድሮ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ይለምን ነበር ሲሉ እሰማ ነበር" አሉ፤ "መኪና እያለው ጭቃ ላይ እየተንበረከከ እንጦጦን የወጣ ሽማግሌ ግን በዘመኔ አላየሁም። ግቡ። እንዲህ የተለመነችን ልጅ እንዴት እከለክላለሁ?"

ልጅቱ ተሰጠች። ይህን የምትጽፈው የሳሙኤልና የሂሩት ልጅ ናት፤ አሁን እየሳቀች ነው።

እኔ ግን በሆዴ ቅር ብሎኝ ቀረ። ልጄ ሚስት አገኘ፤ እኔ ተመለሰልኝ ያልኩትን ባሌን ተነጠቅኩ። ማኅበርተኞቼ ሰምተው፣ ተፈራን መንገድ ላይ ሲያገኙት "ጋሽ ተፈራ፣ ቁልፉ እንዴት ነው?" ይሉታል። ያቺ ያለቀሰችው እንኳ እንባዬን መልሺ ልትለኝ ምንም አልቀራትም። ተፈራ ግን ደጁ ጋ ስንደርስ እንደ ድሮው ይወርዳል፤ ቀኝ ይንበረከካል፣ ግራ ይንበረከካል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔም እየተሳለምኩ "ተሳደብ አንተ፣ ቁልፍህን አዙር" እለዋለሁ በልቤ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

በቅርቡ ዳዊት የሾፌሩን በር ሊያሠራ ወሰን ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። እኔም አዋቂ ነኝና መካኒኩን "የፊት ጎማዎቹን ቁልፎች ዘይት አድርግልኝ፤ ባለቤቴ ሲያዞራቸው ይቸገራል" አልኩት።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አይቶ ሳቀ። "እማማ፣ እነዚህ እኮ ለጌጥ ናቸው። ሁልጊዜ እንደያዙ እንዲቀሩ አድርገን የደፈንናቸው እኛው ነን። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው ናቸው ያስደፈኑት፤ ያኔ ሽማግሌዎቹ ጭቃ ውስጥ በቀሩ በሳምንቱ። ከዚያ ወዲህ ማዞር የለም።"

ቤት ስገባ ተፈራ ብርቱካን እየላጠ ነበር።

"ተፈራ" አልኩት፣ "ያ ቁልፍ ከተደፈነ ስንት ዘመኑ ነው። እዚያ ጎማ ሥር ተንበርክከህ ምን ስትሠራ ኖረሃል?"

ብርቱካኑን ከፈለና ግማሹን ሰጠኝ።

"ያቺን መኪና ይዞ ያን ዳገት ዝም ብሎ የሚወጣ አለ እንዴ?" አለኝ። "ቁልፍ የሚያዞርን ሰው ደግሞ ማን ይታዘበዋል?"