ሟች የጎደለው ኮሚቴ

አንድ ከተማ አደገ የሚባለው መቼ ነው? እኔ በልጅነቴ መብራት ሲገባለት ይመስለኝ ነበር። መብራት ገባ፤ አይ፣ አስፋልት ነው አሉ። አስፋልት መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ነው አሉ። ዩኒቨርሲቲው ጉብሬ ላይ ተከፍቶ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ በባጃጅ ሲመላለስ ሳይ፣ እንግዲህ አድገን ጨረስን ብዬ ነበር። አልጨረስንም። አውሮፕላን ማረፊያ ይቀረናል ተባለ። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰን፣ ጀሪካን ሰልፍ አስይዘን የምንውል የወልቂጤ ሰዎች አንገታችንን ቀና አድርገን ሰማይ ማየት ጀመርን።

አትሳቁብን። እናንተም ከተማ ውስጥ ይህን የሚከታተል ኮሚቴ አይጠፋም።

በደንቡ ከሆነ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ቦታ የሚመርጡት መሐንዲሶች ናቸው። ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ፣ ጉሙ መቼ እንደሚገፈፍ፣ መሬቱ ምን ያህል ለጥ ያለ እንደሆነ ይለካሉ። እኛ ዘንድ ግን ከመሐንዲሱ በፊት የሚለካ ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ማን አላችሁ የሚባለው። ሰው ካላችሁ ተራራችሁ ሜዳ ይሆናል። ሰው ከሌላችሁ ሜዳችሁ ላይ ጉም ይወርድበታል። ይህ የገባቸው ከተሞች ሁሉ በየፊናቸው ሰው ፍለጋ ወጡ። ወልቂጤ ወጣች፤ ከተራራው ማዶ ቡታጅራም ወጣች። ሕዝብ ማወያየት የሚባለው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከተበላ በኋላ እንደሚቀርብ የእጅ ውሃ።

ባለቤቴ ደግፌ በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። ተወልዶ ያደገው መስቃን፣ ከቡታጅራ በእግር በሚደረስ መንደር ነው። ወልቂጤ የመጣው የበርና የመስኮት ብረት ሥራ ሊጀምር ሲሆን፣ እዚሁ የቀረው በእኔ ምክንያት ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይል ነበር። እራት ላይ የማረፊያው ወሬ ከተነሳ እኔ ለወልቂጤ፣ እሱ ለቡታጅራ እንከራከራለን።

«እናንተ ዘንድ ሊያርፍ ዝቅ ሲል በርበሬያችሁ አስነጥሶት ይመለሳል» እለዋለሁ።

«እናንተ ዘንድ ደግሞ ቢያርፍም የሚታጠብበት ውሃ አያገኝም» ይለኛል።

ልጃችን ማርታ ሁለታችንንም ትታዘበን ነበር። ልክ ነበረች። ከመካከላችን አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ይኸኛው ስለሚከብደኝ በአጭሩ እነግራችኋለሁ።

ደግፌ አስም ነበረበት፤ የብየዳው ጭስ ደግሞ አባብሶበታል። የጥናት ቡድኑ ከአዲስ አበባ መጥቶ የታሰበውን ሜዳ በሚጎበኝበት ቀን፣ ጠዋት ላይ ትንፋሽ አጠረው። ወደ አፉ የሚነፋው መድኃኒት አልረዳውም። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ ኦክስጅን አደረገለትና፣ እዚህ የምንችለው ይህን ያህል ነው፣ ቶሎ አዲስ አበባ መድረስ አለበት፣ አምቡላንሱ ይጠራ አለ። አምቡላንሱ አልነበረም። ሜዳው ላይ ነው። እንግዶቹን አንድ ነገር ቢያገኛቸው ተብሎ፣ የአቀባበል ኮሚቴው አስፈቅዶ፣ ከተጣለላቸው ዳስ አጠገብ አቁሞታል። እንግዶቹን ምንም አላገኛቸውም። ስልክ ተደወለ፤ እነሱ ሳይነሱ አይንቀሳቀስም ተባለ። ሌላ መኪና ተኮናትረን እንዳንሄድ ኦክስጅን ያለው አምቡላንሱ ላይ ብቻ ነው።

የሐኪም ቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበር ለእንግዶቹ የሚዘፍኑት ተማሪዎች ድምፅ ይሰማል። ደግፌ አፉ ላይ ያለውን ጭምብል በእጁ ገፋ አድርጎ፣

«አውሮፕላኑ ደረሰ እንዴ?» አለኝ።

ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ለቀስተኛው ሁሉ «እየቀለደ ሞተ» ሲል እሰማለሁ፤ ደስ የሚል ነገር ያወሩ ይመስላቸዋል። እየቀለደ አልሞተም። ቀለደ፤ ከዚያ ብዙ ተሠቃየ፤ ከዚያ ሞተ። አምቡላንሱ የመጣው እንግዶቹ ምሳ ሲገቡ ነው።

የቀበረው እድራችን ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ሽፈራው ሐዘኑ እስኪያበቃ ከበሬ አልተለዩም፤ ጠዋት ቀድመው ይመጣሉ፣ ማታ ሰው ሸኝተው ይሄዳሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እኔንም አስተምረውኛል። የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ። አምቡላንሱን ለሜዳው የጠየቁት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ከተማው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን ያወራነው ስለ ሬሳ ሣጥኑ ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ወግ መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ ሽፈራው ቤቴ መጡ። ኮሚቴው አሁን የአውሮፕላን ማረፊያ አስመላሽ ኮሚቴ ሆኗል፤ ማን ወስዶብን እንደምናስመልስ ባላውቅም።

«አስቴር ልጄ፣ ሕዝቡን ሊያወያዩ ሊመጡ ነው» አሉኝ። «ከዚህ በኋላ መወሰን ብቻ ነው።»

«ጥሩ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ቡታጅራዎች መንገድ ላይ በምጥ የሞተች እናት አቅርበዋል። ባሏ ቆሞ ሲናገር ከእንግዶቹ ያለቀሰ አለ አሉ። እኛ ምን አለን? ገበያ አለን። ዩኒቨርሲቲ አለን። የዞን ከተማ ነን። ሟች ግን የለንም።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም የተናገሩት ዞሮ ጆሯቸው ሳይገባ አልቀረም።

«ማለቴ፣ ቆሞ የሚናገርለት ያለው ሟች» አሉ። «አንቺ ተነስተሽ፣ አውሮፕላን ቢኖር ባለቤቴ አዲስ አበባ ደርሶ ይድን ነበር ካልሽ ይበቃል። ሌላ አትጨምሪ።»

«እስከ አውሮፕላኑስ በምን አደርሰው ነበር?»

«እሱን አይጠይቁሽም።»

ወሬው ተራራውን ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። የደግፌ ታላቅ ወንድም ሀብቴ ከቡታጅራ ደወለ። የእነሱ ኮሚቴ ውስጥ አለበት።

«የማርታ እናት፣ ደግፌ የመስቃን ልጅ ነው። የእኛን ሟች ለወልቂጤ እንዳታስመዘግቢ።»

«የሞተው እኮ እዚህ ነው፣ ሀብቴ።»

«የተወለደው እዚህ ነዋ። ነይና እዚህ ተናገሪ፤ ማረፊያ ሰጥተን፣ ትራንስፖርት ችለን።»

በሕይወት እያለ አንድ ሌሊት አሳድሩኝ ብሎ የማያውቀው ሰው ይኸውና ሁለት ከተማ ተሻማበት። እኔ ለሁለቱም እምቢ ልል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ማርታ ናት። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣

«እማ፣ አባዬ የሞተው አውሮፕላን ስለሌለን ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ አስቡት። ሰውየው ገና አፈሩ ሳይጠና አሟሟቱ ተቀይሯል። ሌላ ዓመት ብቆይ እኔም አምናለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ሐዘን እንደሆነ ማስታወስ ያደክመዋል፣ ሰው የሚሰጠውን ይቀበላል። ለጋሼ ሽፈራው እናገራለሁ አልኳቸው። ምን እንደምናገር አልነገርኳቸውም።

ስብሰባው የተደረገው በእድሩ ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ የሚተልቅ ድንኳን ከተማው ውስጥ አልተገኘም። አግዳሚዎቹም የእድሩ ናቸው። ፊት ለፊት ግን ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። መድረኩን የሚመሩት ሰው ሕዝቡ ያለ ምንም ተጽዕኖ ሐሳቡን እንዲገልጽ ጋበዙና፣ ማን ከማን ቀጥሎ በነፃነት እንደሚናገር በስም ጠሩ። በስም ሳይጠራ የተነሳው አንድ ገበሬ ብቻ ነው። ሜዳ የሚሉት መሬት የእሱ ነው።

«እንሰቴን ወዴት ልውሰደው?» ብሎ ጠየቀ።

«በሂደት የሚታይ ነው» ተባለ። ተቀመጠ።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ቆምኩ። ቤት ውስጥ ብዙ ስለተለማመድኩት ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ባለቤቴ የሞተው አውሮፕላን አጥቶ አይደለም። አምቡላንስ አጥቶ ነው። አምቡላንሱ እናንተን ሲጠብቅ ነበር።»

አሁን ምን ይሆናል ብላችሁ ጠበቃችሁ? እኔም ጠብቄ ነበር። የረሳሁት ግን የቆምኩበትን ድንኳን ነው። በዚያ ድንኳን ሥር ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማ ስትናገር ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። የፈለገችውን ትበል፤ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ ትበል፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ትበል፣ ማንም አይከራከራትም። ማንም ደግሞ ቃሏን አይመዝንም። ሐዘኑ ነው የሚያናግራት። ከኋላዬ አንዲት ሴት ትከሻዬን ይዛ «በቃ እህቴ፣ በቃ፣ ጌታ ያጽናሽ» አለች። ከግራ በኩል «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ሰማሁ። ከወዲያ «እግዜር ያጽናሽ»። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። «አምቡላንሱ…» ብዬ ደገምኩ፤ ለቅሶው ጨመረ። አንዷ ነጠላዋን አልብሳ አስቀመጠችኝ፣ አንዷ ውሃ ሰጠችኝ።

እንግዶቹ ሕዝቡ ሲያለቅስ አይተው አንገታቸውን ደፉ። መድረክ መሪው በተሰበረ ድምፅ፣

«የእህታችን እንባ የአውሮፕላን ማረፊያው ጥያቄ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ያሳየናል» አሉ።

እኔ አላለቀስኩም ነበር። ከዚያ ተጨበጨበ። በዚያ ድንኳን ሥር ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ጭብጨባ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ማርታ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ።»

«ምን አሉ?»

«ጌታ ያጽናሽ አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ማረፊያው ለወልቂጤም ለቡታጅራም አልሆነም። ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ነፋሱ እዚያ የተሻለ ሆኖ ተገኘ አሉ። የቦታውን ስም አልጠራም። ትልልቆቹ ሰዎች የት የት እንደተወለዱ ብትጠይቁ ነፋሱን ታገኙታላችሁ። ያን ገበሬ ገበያ ውስጥ አገኘሁት፤ ከከተማው ደስ ብሎት ያየሁት እሱን ብቻ ነው፣ እሱም ደስታውን ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ።

በዚያው ሰሞን ሀብቴ ለጉዳይ ወልቂጤ መጥቶ እኔ ዘንድ ገባ። ጋሼ ሽፈራውም መምጣቱን ሰምተው መጡ። ስንት ጊዜ በስልክ ሲወቃቀሱ የከረሙ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያቀረብኩላቸውን ቆጮ ሳይነኩት፣ ተራ በተራ በረጅሙ ተነፈሱ። ፊታቸውን ብታዩት ሰው የሞተባቸው ይመስላሉ። ደግፌ የሞተ ጊዜ ሀብቴን እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

«ንቀውን ነው» አለ ሀብቴ።

«ተለያየን እንጂ» አሉ ጋሼ ሽፈራው። «አንድ ላይ ብንቀርብ እኮ ደግፌ ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።»

ሀብቴ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የውሃ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

«አምቡላንሱ ደህና ነው?» አልኳቸው።

ጋሼ ሽፈራው ሳህናቸውን ብዙ ተመለከቱት።

«ያን ቀን ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ አስቴር» አሉ። «ሌላው አልሰማ ይሆናል። እኔ ሰምቻለሁ።» ከዚያ ቀና ሳይሉ ቀጠሉ። «ቆሟል። ጎማ የለውም። ከቆመ ወራት ሆነው።»

«የእኛም ያው ነው» አለ ሀብቴ።

«እንግዲያው ኮሚቴ አቋቁሙለታ» አልኩ። «ሁለታችሁም ልምዱ አላችሁ።»

ሀብቴ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ጋሼ ሽፈራው አልሳቁም። ከልባቸው አሰቡበት፤ ክፍል ውስጥ ከባድ ጥያቄ የጠየቅናቸው ጊዜ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ለጎማ ሕዝብ አይወጣም፣ ልጄ» አሉኝ።