ያልተመዘገበው ሠርግ

እኛ አገር ሶፍትዌር ገዝቶ የሚጠቀም ሰው አለ ቢሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ጤንነቱን ነው። አትሳቁ! ቢሮ ስትገቡ ኮምፒውተራችሁ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ኦርጅናል አይደለም የምትለዋን ማስጠንቀቂያ አንብቡና እንነጋገራለን። እኔም ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት... የሠርጌ ቪዲዮ እስኪመጣ ድረስ።

ያኔ ቦሌ ላይ ፎቅና ቪዲዮ ኤዲተር በየሳምንቱ ይበቅሉ ነበር። የእኛን ሠርግ ያቀናበረው ናቲ የሚባል የቦሌ ሚካኤል ልጅ ነው። የሚሠራበትን ፕሮግራም መገናኛ ነው የገዛው። ሲዲውን ማለቴ ነው እንጂ ፕሮግራሙንማ ማን ገዝቶት ያውቃል?

ዲቪዲው የተመረቀው ሲኤምሲ፣ አማቼ ቤት፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ነው። አማቼ ጋሽ ገለታ ዕድሜ ልካቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የፐርሶኔል ኃላፊ የነበሩ፣ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ፋይሉ የሚታያቸው ሰው ናቸው። ከሠርጉ በፊት ጀምረው ጋብቻችሁን አስመዝግቡ ይሉን ነበር። እኔና ባለቤቴ ምሥራቅም እሺ፣ እሺ ስንል ሠርጉ አለፈ።

ዲቪዲው ሲከፈት ሙሽራዋ ከመኪና ወረደች፤ እልልታው ቀለጠ። ወዲያው አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ ቃል ፊቷ ላይ ተጋደመ። ዲዛይን መስሎን ነበር። ቃሉ ግን ኬክ ሲቆረስም አለ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩም አለ። ጋሽ ገለታ መነጽራቸውን አደረጉና፣ እንግሊዝኛ ለማያውቁት አክስቶች ሲሉ ተረጎሙት።

«ያልተመዘገበ ይላል።»

አንዷ አክስት አማተቡ። እኔ ሶፍትዌሩ ነው እንጂ እኛ አይደለንም ብዬ ላስረዳ ተነሣሁ።

«እናንተስ ተመዝግባችኋል?» አሉኝ ጋሽ ገለታ።

«ገና ነን፣ ጋሼ...»

«ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ?»

ምሥራቅ እስክንመዘገብ ድረስ አባቷ ቤት እንድትቆይ ተፈረደ። አስቡት እንግዲህ፤ ገና ሙሽራ ሳለሁ ሚስቴን ክራክ በሚሉት የተሰረቀ ሶፍትዌር ተቀምቼ ብቻዬን ወደ ኮንዶሚኒየሜ ተመለስኩ። አልጋው ሰፋብኝ፤ ከምሬ ነው፣ ሆድ ባሰኝ።

በማግስቱ ናቲ ላይ ጮህኩበት። እሱ ግን ምንም አልመሰለው።

«ብሮ፣ ኦርጅናሉን ልግዛ ካልኩ ካሜራዬን መሸጥ አለብኝ። ከዚያ ምን ቀርጬ ኤዲት ላደርግ ነው?»

የእኔም ደመወዝ የሚሠራው ጥጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ባለበት ኮምፒውተር ነው። ናቲ አዲስ ክራክ ከጓደኛው እንደሚያመጣና ቃሉን እንደሚያጠፋው ማለልኝ። እኔና ምሥራቅም ሮጠን ተመዘገብን።

ሰርተፊኬቱን በአንድ እጄ፣ አዲሱን ዲቪዲ በሌላው ይዤ ሲኤምሲ ገባሁ። ጋሽ ገለታ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አዙረው መረመሩና ደህና ነው አሉ። ምሥራቅ ሻንጣዋን ልታመጣ ገባች። ቪዲዮው ተከፈተ። እውነትም የሙሽራዋ ፊት ጠርቷል፤ ያ ቃል የለም። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ እኔ ብቅ አልኩ... ግንባሬ ላይ ሌላ እንግሊዝኛ ይዤ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏችኋል ይሄ ነው።

ጋሽ ገለታ መነጽራቸውን እንደገና አደረጉ።

«የሙከራ፣ ይላል» ብለው ተረጎሙ።

ይህን ቃል በሥራ ዘመናቸው ስንት አዲስ ሠራተኛ ላይ እንደጻፉት እግዜር ይወቀው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ምሥራቅ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመጣ ፈገግ ብለው በሩን ከፈቱልን።

«በል ውሰዳት። ቋሚ ስትሆን በደብዳቤ እናሳውቅሃለን።»

ይኸው ሁለት ልጆች ወልደናል። ደብዳቤው እስካሁን አልደረሰኝም።