ለሥልጠና የሚተርፍ ሰው

በአሰላ ከተማ የሰው ኃይልን በማብቃት ረገድ የእኛን ጽሕፈት ቤት የሚስተካከል አለመኖሩን በታላቅ ኩራት አረጋግጣለሁ። ላለፉት አምስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የምይዘውም አሳምሬ ነው።

በጽሕፈት ቤታችን ሥር አንድ ቤተ መጻሕፍት አለ። በውስጡም ጠይባ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። ጠይባ አሥራ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ሠልጥና አታውቅም፤ ጉድለቷ ይኸው ነው። ከኢተያ የመጣ ተማሪ የመጽሐፉ ስም ጠፍቶት «ሽፋኑ አረንጓዴ የሆነው» ካላት ሄዳ ታመጣለታለች። እንዲህ ያለው አሠራር በየትኛውም መመሪያ የተደገፈ አይደለም።

የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥልጠና ጥሪ ከአዳማ ሲመጣ ኃላፊያችን አቶ ኃይለመስቀል አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ጠይባ እጇን አወጣች።

«እኔ ልሂድ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ከሄድሽ ቤተ መጻሕፍቱን ማን ይከፍተዋል?»

«ለአንድ ሳምንት ይዘጋላ።»

«አየሽ! ሥራ ሳይበደል ማን መሄድ ይችላል?»

ዙሪያችንን ተመለከትን። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ሾፌራችን ሊበን። መኪናው ጎማ አጥቶ ጎሚስታው ደጃፍ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። «ሊበን በሙሉ ድምፅ ተመረጠ» ብዬ ጻፍኩ።

ሊበን ደግ ሰው ነው። በመጽሐፍ ላይ ክፉ ተናግሮ አያውቅም፤ ገልጦም አያውቅም። ሄደ፣ ሰርተፍኬት ይዞ መጣ። ሁለተኛው ጥሪ ሲደርስ «የተጀመረውን አቅም ለማስቀጠል» ሲባል እሱው ተላከ። በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ሄደ። ጠይባም ሰባት ጊዜ እጇን አወጣች፤ በሰባተኛው ከትከሻዋ አላለፈም። ይህን በቃለ ጉባኤው አላሰፈርኩም።

ዘንድሮ አዲስ የሠራተኛ ምደባ መመሪያ መጣ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቢያንስ ሦስት ሥልጠና የወሰደ መሆን አለበት ይላል።

«ሰርተፍኬትሽን አቅርቢ» አሏት አቶ ኃይለመስቀል።

«እርስዎ እኮ ነዎት ያስቀሩኝ!»

«ያስቀረሁሽማ ስለምታስፈልጊ ነው።»

«አሁንስ አላስፈልግም?»

«መስፈርት ነው፣ እህቴ።»

ጠይባ ወደ እኔ አየች። አንገቴን ደፍቼ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካከልኩ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን አጀንዳ ስላልነበረ ታለፈ።

ሊበን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ። ጠይባ ሥልጠና ወደማይጠይቀው ቦታ፣ ወደ በር ፍተሻ ተዛወረች። የጭላሎ ተራራ ብርድ ቀጥ ብሎ የሚመጣው እዚያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሶረቲ የምትባል ተማሪ ከሲሬ መጥታ የድሮውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ጠየቀች። ሊበን በአንባቢ አቀባበል ሥልጠናው መሠረት ፈገግ አለ። መደርደሪያዎቹን አየ። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸውን ሰባት ሰርተፍኬቶች አየ። ከዚያ መስኮቱን ከፈተ።

«ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ! የድሮው ፊዚክስ የት ነው?»

ጠይባ የሰው ቦርሳ እየፈተሸች፣ ዞር ሳትል መለሰች።

«ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች። ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ሸፍኜዋለሁ።»

ተገኘ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋለ፤ በሳምንቱ መስኮቱን መዝጋት ቀረ። እኔም በሩብ ዓመቱ ሪፖርት «ዘመናዊ የርቀት አገልግሎት ተጀምሯል» ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ከላይ ተወደደ። አገልግሎቱን የጀመረው ባለሙያ አዳማ ሄዶ ሌሎችን እንዲያሠለጥን ጥሪ መጣ።

አቶ ኃይለመስቀል እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰቡን።

«መቼም ጠይባ ልትሄድ አትችልም» አሉ፤ «እሷ ከሄደች ሊበን ማንን ይጠይቃል?»

ሊበን በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ምስኪን፣ ላብ አጠመቀው። ተነስቶ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ጠይባ፣ ሄጄ ምን ብዬ ላሠልጥናቸው?»

«ሥራ አትልመዱ በላቸው» አለች ጠይባ ከበሩ።

በአምስት ዓመት ውስጥ ቃል በቃል የያዝኩት ይህን ብቻ ነው።