አርባ ሚሊዮን የወርቅ ቅንጣቶችን የተረከበው ኮሚቴ

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ፣ የንብረት ተረካቢ ኮሚቴው ባለፈው ወር የአገር ሀብት ለመጠበቅ ያሳየው ትጋት በዝርዝር ሊተረክ ይገባዋል። በዚህ ትጋት የተጎዳች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ዶክተር ጸደንያ ናት።

ጸደንያ አራት ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ስታሰላ የኖረችው ስለ ብርሃን ነው። ብርሃን በተጓዘ ቁጥር ይበተናል። ዓይን የማያያቸው የወርቅ ቅንጣቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ግን፣ ብርቱ ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቅንጣቶቹ ራሳቸው ሰብስበው ይይዙታል፤ ሳይበተን፣ ቅርጹን ሳይለውጥ ይዘልቃል። ሶሊቶን ይሉታል። ስሌቷን የምትፈትንበት የጥፍር ስፋት ያላት መስታወት፣ ቅንጣቶቹ ተደርድረውባት፣ ከውጭ አገር ሰኞ ዕለት ደረሰች። ብርቱውን ብርሃን የሚሰጣት፣ የተዋሰችው ሌዘር ደግሞ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ዳግመኛም አይገኝም። በመካከል የቀረው ኮሚቴው ብቻ ነበር።

ሰብሳቢው አቶ ላቀው በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ያልቆጠሩትን ዕቃ ተረክበው አያውቁም። የወረቀት ማያያዣ እንኳ ሲመጣ ፓኮውን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ያፈሱታል።

«ስንት ቅንጣት ነው ያሉን፣ ዶክተርዬ?»

«አርባ ሚሊዮን ገደማ።»

«ገደማ የሚባል ነገር የንብረት መረከቢያው ሞዴል 19 ላይ አይጻፍም።»

«አንድ በአንድ በዓይን አይታዩም እኮ፣ አቶ ላቀው! ‹መስታወት፣ አንድ› ብለው ይመዝግቡልኝ።»

«ወርቁን ደብቄ? ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረኝን ሰውዬ!»

ማክሰኞ ዕለት ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም፤ የኮሚቴው አባል ወይዘሮ ትሩፋት ከኦዲት ክፍል ሊመጡ ሲገባቸው ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ዕለት ተሟላ። ቅንጣቶቹ ከጌጣጌጥ ይመደቡ ወይስ ከቢሮ ዕቃ በሚለው ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ጥልቅ ውይይት ተካሄደ። ከምሳ በኋላም ቀጠለ። ውሳኔውም «በአካል ታይቶ ይወሰን» የሚል ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት መስታወቷ ጠረጴዛው ላይ ስትቀርብ አቶ ላቀው ወደ ጸደንያ ዞር አሉ።

«እርስዎ ውጭ ይጠብቁን።»

«ለምን?»

«ጠያቂ ክፍል ርክክብ ላይ አይገኝም። የጥቅም ግጭት ነው።»

ወጣች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ይቺ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ምንድናት?» አሉ ወይዘሮ ትሩፋት።

«እድፍ ነዋ። ወርቅማ ቢጫ ነው» አሉ አቶ ላቀው። «ንብረት ከነእድፉ አይመዘገብም። ሸምሱ!»

«አቤት ጋሼ» አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ።

«በአልኮል አድርገህ ወልወል አድርጋት።»

ጸደንያ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «እንዳትነኩት! ነጥቡ ነው ወርቁ! ወርቅ እንዲህ ሲደቅ ይቀላል!»

«ሥራ ላይ ነን፣ ይታገሡ!» አሉ አቶ ላቀው ከውስጥ፣ ቃሏን ሳያዳምጡ።

በሩ ሲከፈት መስታወቷ ጥርት ብላ ታበራለች። ሸምሱ በኩራት ወደ ብርሃኑ አነሳት። «አላማረችም፣ ዶክተር?»

ጸደንያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአራት ዓመት ሥራዋ በሁለት ውልወላ አልቋል። «ወርቁ እዚያች ነጥብ ላይ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

አቶ ላቀው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «አርባ ሚሊዮኑም?»

«አርባ ሚሊዮኑም።»

የሁሉም ዓይን ሸምሱ እጅ ላይ ወዳለው ቢጫ ጨርቅ ዞረ።

«ሸምሱ፣ ባለህበት ቁም!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ትሩፋት። «እንዳታራግፈው!»

ኮሚቴው ብቃቱን ያሳየው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ያልተሞላው ሞዴል 19 በአምስት ደቂቃ ተሞላ፦ «የመወልወያ ጨርቅ፣ ወርቅ ያለበት፣ ብዛት አንድ።» ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ጨርቁ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ገባ፤ ካዝናው በሁለት ቁልፍ ተቆለፈ፤ አንዱን አቶ ላቀው፣ አንዱን ወይዘሮ ትሩፋት ያዙ። የካዝናው በር ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

ጸደንያ ተነሳች። «መስታወቱስ?»

«መስታወቱ?» አሉ አቶ ላቀው፣ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ይውሰዱት እንጂ፣ ዶክተርዬ! ማን ከለከለዎት?»

ፊርማ እንኳ አልጠየቋትም።