ሂራላል ዘፓታን ለማሽኗ ዘመኗን እንደ መለሰላት

በአገሩ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ቢክራም፥ ሂራላል የኢንተርኔት ሱቁን በከፈተ በስድስተኛው ዘመን፥ አታሚው ቀለም ካነሰው በኋላ ጣራው ማፍሰስ ከመጀመሩ በፊት፥ በወርኃ አሳር፥ ዝናብ በፓታን ጎዳና ላይ በነገሠ ጊዜ፥ ይህ ነገር ሆነ። ሂራላልም፥ የተጣሉ ገመዶችን አስታራቂ፥ የተቆለፉ ስልኮች ፈቺ፥ የስድስት ወንበሮችና የአንዲት ኮምፒውተር ጌታ፥ በዙፋኑ ተቀምጦ ነበር፤ ዙፋኑም አንድ እግር ይጎድለዋል።

ወእምዝ የሰፈሩ ልጅ ሳኑማያ መጣች። ለነርስነት ፈቃድ ፈተና ልትመዘገብ ነበር፤ ምዝገባውም የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከተዘጋም እስከ ዓመት አይከፈትም። ሂራላል ገጹን ሊከፍት እጁን በዘረጋ ጊዜ ማሽኗ በቀይ ጽሕፈት፦ «የዚህ ገጽ የደኅንነት ማኅተም ጊዜው አልፏል፤ አልከፍትም» ስትል አዋጅ አስነገረች።

ሂራላልም ተቆጣ፤ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፥ ማሽኗን አጥፍቶ አበራ፥ እንዳልሆነለትም ባየ ጊዜ እንደገና ነቅሎ ሰካ። ጭፍሮቹም ከበቡት፤ እነርሱም ልብስ ሰፊው ፑርና ከነሜትሩ፥ ሞሞ ሻጩ ቲርታ ከነጭልፋው፥ ከዝናብ የተጠለሉ መንገደኞች፥ ደግሞም የሂራላል አባት ራትናማን፥ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፥ ጠዋት ጠዋት ማሽኗን ቀይ ቲካ ቀብተው የሚባርኩ።

ፑርናም፦ «እኔ ሱሪ ሳበላሽ ጨርቁን ነው የምሰድበው። አንተም መስመሩን ስደብና ይውጣልህ» ሲል አወጀ። ሳኑማያ ግን አልሳቀችም፤ ፈርታ ነበርና፦ «ጋሼ ሂራ፥ ዓመት ሙሉ የአክስቴን ድስት ሳጥብ ልከርም ነው በለኛ» ስትል አወጀች።

ሂራላልም የቀረውን ጊዜ ለማየት ዓይኑን ወደ ማሽኗ ጥግ ደጋግሞ ጣለ። ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ይላል፤ ዓመቱም እውነት ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ነውና ምንም አልከነከነው። በኋላ ግን ከዓመቱ ጎን የቆመውን ወር አየ፤ ጁን ይላል። የፈረንጅ ወር ከፓታን ዓመት ጋር ያለ ሽማግሌ ተጋብቶ አገኘው።

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። ማሽኗ ወር አታውቅ፥ ንጉሥ አታውቅ፤ ፈረንጆች ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ከሚሉት ዓመት መባቻ ጀምራ ሰከንድ ብቻ ትቆጥራለች። የአገሩን ዓመት ቢሰጧት የፈረንጅ መስሏት ሃምሳ ሰባት ዓመት ወደፊት ዘለለች፤ ከዚያም ሆና ስታየው የዓለም ማኅተም ሁሉ አርጅቶባታል።

ሂራላልም አባቱን አያቸው። እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው፦ «ዛሬ ጠዋት ስቀባት ባላይ ኖሮ ይቺ ዕቃ ሁለት ሺህ ሃያ አራት ላይ ተጎልታ ነበር። የርእሰ መምህር ልጅ ሱቅ ሃምሳ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ ሲባል ደስ ይላል? እኔው አቀናሁላችሁ» ሲሉ በሕዝቡ ፊት አወጁ።

ሂራላልም ስድብ እስከ ከንፈሩ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። በሰውነቱ ማሽኗን ጋርዶ ዓመቱን መለሰ፤ ገጹም ተከፈተ፤ ሳኑማያም በሩ ሳይዘጋ ተመዘገበች፥ አፏንም በሻሿ ይዛ አለቀሰች። ያን ጊዜ ሂራላል፦ «መስመሩ ነው። ዝናቡ ነው ያበላሸው» ሲል አወጀ፤ ፑርናም፦ «አላልኩም?» ሲል አወጀ።

በማግስቱም ራትናማን ቲካቸውን ይዘው መጡ። ሂራላል ግን ቀድሟቸው፥ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ የአገሩን ዓመት በመቀስ ቆርጦ በማሽኗ ጥግ ላይ ለጥፎ ነበር። ሽማግሌውም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ «አየሽ፥ ስትታረሚ ያምርብሻል» ብለው ቀቧት፥ ባረኳትም። እርሷም ከወረቀቱ በታች ሰከንዷን ትቆጥር ነበር።

ዝንቱ ውእቱ ሂራላል፥ ሃምሳ ሰባት ዓመት በአንድ ጣት የተሻገረ፥ ለማሽኗ የፈረንጁን ዓመት፥ ለአባቱ የአባቶቹን ዓመት ያደለ። ዝናው ከልብስ ሰፊው ደጅ እስከ ሞሞ ሻጩ ደጅ ይድረስ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይለፍ፥ አባትዬው ይሰማሉና።