ግርማና መካከለኛው ስፓኒሽ

ቋንቋ መማር ጀምሮ ዝም ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ፒያሳ አብሮኝ የሚሠራው ወርቅ ሠሪው ግርማ ስፓኒሽ ተምሮ መካከለኛ ደረጃ ከደረሰ ወዲህ፣ እኛንም ሰላም የሚለን በስፓኒሽ ነው።

በቀደም ዕለት በዕድሜ ገፋ ያሉ ስፔናውያን ባልና ሚስት፣ ለሠላሳኛ ዓመት ጋብቻቸው ባሠሩት ቀለበት ላይ «ተጋብተናል» ብሎ እንዲቀርጽላቸው ጠየቁት።

«ለምን ወረቀት ላይ አይጽፉልህም?» አልኩት።

«መካከለኛ ደረጃ ነኝ እኮ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ታዲያ «ካሳዶስ» ማለት ሲገባው አንዲት «ን» ጨምሮ «ካንሳዶስ» ብሎ ቀረጸው። «ደክሞናል» ማለት ነው አሉ። ሴትየዋ ሲያነቡት ግርማ ላብ በላብ ሆነ። እሳቸው ግን ባላቸውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩና አንድ ነገር ተናግረው ቀለበቱን አጠለቁ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«እንዳታስተካክለው፣ እውነቱን ነው የጻፍከው።»