አባ ጥብቅ የመጋረጃውን መንጠቆ ያጸኑበት ዜና

ታላቅ እኅታቸው አግብታ ክፍሏን ከለቀቀችላቸው፣ እሳቸውም አልጋውንና ቁልፉን ወርሰው በገዛ በራቸው ላይ ከነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ ቧንቧው ውሃ በፈረቃ በሚሰጥበት፣ ማቀዝቀዣውም እንደ ተቀየመ ሽማግሌ በሚያጉረመርምበት ዘመን፣ የብሎን ጌታ፣ የካቻቢቴ ወዳጅ፣ የላላውን አጥባቂ፣ ያጠበቁትን ግን መልሰው መፍታት የማይሆንላቸው፣ ስመ ጥሩው አባ ጥብቅ በመስኮት መጋረጃ ላይ ያደረጉትን ዘመቻ እነሆ እንጽፋለን፤ ያየነውን ሳንጨምር፣ የሰማነውን ግን ጥቂት እያሳመርን።

የጦርነቱ መነሻ እንዲህ ነው። የአባ ጥብቅ አባት የፋብሪካ ዘበኛ ናቸውና ሌሊቱን ዓይናቸውን ሳይከድኑ አድረው ጧት ይመለሳሉ፤ ሰው ሁሉ ሲነሣ እሳቸው ይተኛሉ። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞረ ስለሆነ እንቅልፋቸውን የሚጠብቅላቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው፤ እርሱም ገመዱ ሲሳብ የሚደራረቡ፣ ሲለቀቅ የሚዘረጉ ቀጫጭን ቅጠሎች ያሉት ነው። ቅጠሎቹ ከላይ ካለ ረጅም የቆርቆሮ ሣጥን ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ሣጥኑን ደግሞ ከግድግዳው ጋር የሚያያይዙት በሆዱ ውስጥ የተሸሸጉ ሁለት የፕላስቲክ መንጠቆዎች ናቸው። ከሁለቱም በአልጋው ራስጌ በኩል ያለው ከዳተኛ ሆነ። ዘበኛው እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብቆ ይለቃል፤ ሣጥኑም ከነቅጠሉ ጓ ብሎ ደረታቸው ላይ ይወርዳል፤ ፀሐይም ቅጥር እንደ ጣሰ ጦር ትገባለች።

አባ ጥብቅ አስቀድመው በሙጫ ዘመቱ፤ ወደቀ። ቀጥለው በሽቦ ዘመቱ፤ ሽቦው ቆመ፣ መንጠቆው ግን ወደቀ። በዚህ ጊዜ አባታቸው በአልጋቸው ላይ እንደ ተቀመጡ፣ ፀጉራቸው አቧራ ለብሶ፣ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«እኔ ምንም አልነካሁም! ተኝቼ ነው የወደቀብኝ። ድሮስ የልጅ ሥራ!»

የቤቱ እመቤት፣ የማጀትና የሳሎን ገዥ፣ የአባ ጥብቅ እናት ደግሞ ማማሰያ በእጃቸው ይዘው በኮሪደሩ መካከል ቆሙና ይህን ዐዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙኝ! እኔ ሰልችቶኛል። ይሄ መጋረጃ አንዴ ብቻ ይውደቅ፣ አባትህ ካንተ ክፍል ይተኛል፤ አንተ ሳሎን ሶፋው ላይ። እግሬ አልበቃ አለ የሚል እግሩን ያሳጥር!»

ሶፋው ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ይህን ዐዋጅ በቀላሉ ያነበዋል። መካከሉ የጎደጎደ፣ ክንዱ የተገነጠለ፣ የተኛበት ሁሉ ጧት እንደ ማጭድ ተጣሞ የሚነሣበት ነው። አባ ጥብቅም ቁመታቸው የበር ጉበን የሚስም ስለሆነ፣ መንግሥታቸው በአንድ የፕላስቲክ ምላስ ጫፍ ላይ መንጠልጠሉን ባወቁ ጊዜ የጧት ዳቧቸውን ትተው ተነሡ።

ከዚህም በኋላ ሠራዊታቸውን አስከተቱ። በቀኝ ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እኅታቸው፣ መርፌዋ የተሳለ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የበለጠ የተሳለ፤ በግራ ጎረቤታቸው ብረት በያጁ፣ የብረት መቆንጠጫ ሞርሳውን በልመና የሚያውስ፣ ምክሩን ግን ሳይለመን የሚያፈስ፤ ሊቀ መኳስ ሆኖ የአክስታቸው ልጅ፣ የእሳቸውን ኮፍያ ደፍቶ በረንዳ ላይ የሚቀመጥና እናት በተጣሩ ቁጥር በእሳቸው ፈንታ «አቤት!» ብሎ የሚላክ፤ በፊታውራሪነትም ድመቷ። በቅሏቸው አንድ እግሯ ያጠረ በርጩማ ነበረች። ልብስ ሰፊዋም ሠራዊቱን ለማበረታታት እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ለሶፋው አንሶላ መቁረጥ ጀምሬያለሁ። ባለ አበባው ይሁን ወይስ ባለ መስመሩ?»

አባ ጥብቅ ዐዋጁን እንዳልሰሙ ሆነው ሣጥኑን አወረዱ፤ በጉልበታቸው ላይ አጋድመውም ሆዱን መረመሩ። የፕላስቲኩ ምላስ በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቋል። ይህስ የታወቀ ነበር። ነገር ግን በሣጥኑ ጀርባ ላይ፣ የዓመታት አቧራ በተኛበት በራስጌው በኩል፣ አቧራው ተልጦ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅበት ጠባብ ጭረት አዩ፤ ስፋቱም የልብስ መስቀያ አንገት ያህል ነበር። ያን ጊዜ አባታቸው ለሥራ የሚለብሱት ካፖርት ትዝ አላቸው፤ ባትሪና የቁልፍ ዘለላ በግራ ኪሱ፣ ሻይ የተረፈበት ፔርሙዝ በቀኝ ኪሱ የሚኖርበት፣ መጋረጃው በወደቀ ቁጥርም ከሥሩ የሚገኘው። እስከዚያች ቀን መጋረጃው በካፖርቱ ላይ ወደቀ ይባል ነበር፤ ለካ ካፖርቱ ኖሯል መጋረጃውን ይዞ የሚወርደው!

ካፖርቱ ቀድሞ የራሱ ምስማር ነበረው። እናት ግድግዳውን ቀለም ባስቀቡበት ዘመን ግን ምስማሩን ነቅለው፣ «ከእንግዲህ ግድግዳዬን የሚበሳ እጁን ይበሳ!» ብለው ዐውጀው ነበር። ስለዚህ ዘበኛው እንቅልፍ እያዳፋቸው ከአልጋቸው ሳይርቁ የሚደርሱበትን ነገር፣ የመጋረጃውን ሣጥን፣ መስቀያ አደረጉት።

አባ ጥብቅ ተጨነቁ። ጥፋቱን ቢገልጡ፣ አልነካሁም ብለው ያወጁትን አባታቸውን በሰው ፊት ሐሰተኛ ያደርጋሉ፤ አዲስ ምስማር ቢመቱ ከእናታቸው ጋር ጦር ይማዘዛሉ። ዝም ብለው ፕላስቲኩን በፕላስቲክ ቢተኩ ደግሞ ሶፋው ይጠብቃቸዋል። ብዙ ካሰቡ በኋላ በልባቸው የያዙትን ለማንም ሳይነግሩ የሚከተለውን ዐወጁ፦

«ብሎኗን የነካ፣ ዳዶዋን ያንከባለለ፣ በርጩማዬን የነቀነቀ ከእኔ ጋር ተጣልቷል!»

ከተጣለ ቁም ሣጥን በር ላይም ወፍራም የብረት ማጠፊያ ነቀሉ፤ በበያጁ ሞርሳ ላይ አስረው በመጋዝ ቆረጡ፣ በሞረድ አለሰለሱ፣ በመዶሻም አጎበጡ፤ በያጁም አጠገባቸው ቆሞ የማይሆንበትን ምክንያት ሁሉ ይዘረዝር ነበር። የማጠፊያው አንድ ክንፍ፣ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ፣ በጥንቱ የመንጠቆ ቀዳዳ ከግድግዳው ጋር በብሎን ታሰረ፤ ሁለተኛው ክንፍ በሣጥኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮውን አቀፈና፣ ጫፉ በራስጌው በኩል ከሥር ብቅ ብሎ እንደ ጣት ታጠፈ። በዚያ ጣት ላይ የሚሰቀል ሸክም ሁሉ ሣጥኑን ትቶ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ጣቷም ለእናት ዓይን እንዳትገለጥ ከልብስ ሰፊዋ ነጭ የጥፍር ቀለም ተቀባች፤ ስለዚህም ነገር «ቀለሜን የጨረሰው ማነው?» የሚል ዐዋጅ እስከ ዛሬ ይሰማል።

ነገር ግን ብሎኗን የምታጠብቀው የመጨረሻዋ ዳዶ በምትታሰርበት ሰዓት ፊታውራሪዋ ድመት ከዳች። ዳዶዋ ከአባ ጥብቅ ጣት አምልጣ ወለሉን በነካች ጊዜ ድመቷ በመዳፏ እየመታች አልጋው ሥር አስገባቻት። አባ ጥብቅ በሆዳቸው ተኝተው፣ መጥረጊያ እንደ ጦር ይዘው፣ በነጠላ ጫማና በአሮጌ ካልሲ መካከል ተዋጉ፤ ጢማቸው የሸረሪት ድር ለብሶም ዳዶዋን ማርከው ወጡ። በዚያችው ሰዓት እናት ተጣሩ፤ ሊቀ መኳሱም «አቤት!» ብሎ ሄደ፣ ሽንኩርት ታዝዞ ሳሙና ይዞ ተመለሰ፣ በአባ ጥብቅ ስምም ተሰደበ።

በማግሥቱ ጧት ዘበኛው ገቡ። ሠራዊቱ ሁሉ በኮሪደሩ ተሰልፎ ቆመ፤ አባ ጥብቅ ብቻ ዓይናቸውን ከቁልፍ ቀዳዳው አኖሩ። አባታቸው ካፖርታቸውን አወለቁ፤ እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ ላይ ዘረጉ፤ ጣቶቻቸው ነጯን ጣት ዳበሱ፤ ቆሙ። ወደ በሩ ዞረው ተመለከቱ። ከዚያም ካፖርቱን ሰቅለው ተኙ።

ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠበቀች። ጓ የሚል ድምፅ አልመጣም። በእርሱ ፈንታ የማንኮራፋት ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ዋሽንት፣ ቀጥሎ እንደ እምቢልታ፣ በመጨረሻም የመስኮቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፤ መጋረጃው ግን አልተነቃነቀም።

ዘበኛው ከቀትር በኋላ ፊታቸው በርቶ ተነሡና ዐወጁ፦

«አያችሁ? ካልነካካችሁት አይወድቅም አላልኩም?»

እናትም ወዲያው፦ «እንግዲህ እጁ ካመረ የማጀቱንም በር ያየው!» ሲሉ ዐወጁ።

 በማግሥቱ ግን አባ ጥብቅ በቁልፉ ቀዳዳ ሲያዩ፣ አባታቸው ካፖርቱን ከመስቀላቸው በፊት ፔርሙዙን፣ ባትሪውንና ቁልፎቹን ከኪሶቹ አውጥተው አልጋው ሥር በጸጥታ ደረደሩ። ይህም ለድል አድራጊ እንደ ቀረበ ግብር ይቆጠራልና ከነገሩ ሁሉ በላይ ልንጽፈው የሚገባን ይህ ነው።

ወዳጅን ሳያሳፍሩ ያሸነፉ፣ ግድግዳን ሳይበሱ የቸነከሩ፣ የአባታቸውን እንቅልፍና የአባታቸውን ቃል በአንዲት ማጠፊያ የተሸከሙ አባ ጥብቅ ይክበሩ! ብሎናቸው አይላላ፣ ዳዶአቸውን ድመት አይንካት! በዚያችም ቀን ወደ ክፍላቸው ገብተው በራቸውን ቆለፉ፤ በአልጋቸውም ላይ ረጅም እግራቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ።